ከካርድ ፊርማ እስከ ወላጆች ጉባኤ
በነቀምቴና በወለጋ ከተሞች ወላጅ ስለ ልጁ ክፍል እንዴት ሲሰማ ኖረ?

መግቢያ

የኅብረት ሥራ ማኅበር አባል የሆነ ገበሬ በዓመቱ ጠቅላላ ጉባኤ ላይ ተገኝቶ ስለ ገንዘቡ ይጠይቃል። ስንት ኩንታል ቡና ገባ? በስንት ተሸጠ? የትርፍ ክፍፍሉ ምን ያህል ደረሰ? የኦዲት ሪፖርቱስ ምን ይላል? አጥጋቢ መልስ ካላገኘ እጁን እንደገና ያወጣል። ይህን መብት የሰጠው ሕግ ነው፤ ልማዱ ግን የዳበረው በአባላቱ ትጋት ነው።

ይኸው ገበሬ ከቡናውና ከበቆሎው ሁሉ የሚበልጥበትን ልጁን በየማለዳው ወደ አንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ይልካል። ልጁ ከጠዋት እስከ ቀትር፣ ፈረቃው የከሰዓት ከሆነም እስከ ማምሻው ድረስ በዚያ ይውላል። ክፍሉ ውስጥ ምን ተማረ? ከማን ጋር ተቀመጠ? መጽሐፍ ደረሰው ወይስ ለሦስት ተካፈለ? መምህሩ ቀርቶ ነበር ወይስ ልጁ ራሱ ጎደለ? ለእነዚህ ጥያቄዎች ወላጅ መልስ የሚያገኝበት መንገድ ለብዙ ዘመን ጠባብ ሆኖ ቆይቷል። መንገዱ እንዴት እንደተከፈተ፣ የት ላይ እንደተዘጋና እንደገና እንዴት እንደተጠረገ ለመረዳት የነቀምቴንና የአካባቢዋን ከተሞች የትምህርት ታሪክ ከመነሻው መመልከት ይጠቅማል። “ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ” እንዲሉ።

ድምፅ የሚሰማበት ትምህርት

ዘመናዊ ትምህርት ቤት ከመከፈቱ በፊት ልጆች የሚማሩት በቤተ ክርስቲያን ቅጥር ወይም በመስጊድ ጥግ ነበር። በዚያ ዘመን ወላጅ ስለ ልጁ ትምህርት ለማወቅ ካርድም ስብሰባም አላስፈለገውም። የኔታ የሚኖሩት እዚያው መንደር ነው፤ ለቀለባቸው የሚያስቡትም ወላጆች ነበሩ። ልጁ ፊደሉን የሚቆጥረው ድምፁን ከፍ አድርጎ ስለሆነ፣ በአጥሩ ሥር የሚያልፍ ሁሉ ይሰማዋል። ዳዊት የደገመ ልጅ እንደሆነ ድግስ ይደገስለታል። በቁርአን ቤትም ሁኔታው ከዚህ ብዙም አይርቅም። ትምህርቱ በይዘት ጠባብ ቢሆንም ለወላጅ ጆሮ ግን ቅርብ ነበር።

ዘመናዊው ትምህርት ወደ ወለጋ የገባው በ19ኛው ምዕተ ዓመት መጨረሻና በ20ኛው መጀመሪያ ነው። በቦጂ ቄስ ገብረ ኤዎስጣቴዎስ ዘሚካኤል ማስተማር ጀመሩ። ጥቂት ዓመታት ቆይቶም በ1896 ዓ.ም. ኦነሲሞስ ነሲብ ወደ ነቀምቴ መጥተው፣ በገዥው በደጃዝማች ገብረ እግዚአብሔር (ኩምሳ ሞረዳ) ዘመን ትምህርት ቤት ከፈቱ። ኦነሲሞስ በኢሉባቦር ሁሩሙ አካባቢ የተወለዱ ሲሆኑ፣ በልጅነታቸው ለባርነት ተሽጠው ምፅዋ ላይ ነጻ የወጡ ሰው ናቸው። መጽሐፍ ቅዱስን ወደ ኦሮምኛ ተርጉመው በ1891 ዓ.ም. ለኅትመት አብቅተዋል፤ ኦነሲሞስ ያረፉትም በዚያው በነቀምቴ በ1923 ዓ.ም. ነው።

ለዚህ ጽሑፍ ጉዳይ ግን ይበልጥ የሚጠቅመው ከእርሳቸው ጋር የሠሩት የአስቴር ጋኖ ድርሻ ነው። አስቴርም እንዲሁ ከባርነት ነጻ የወጡ ሲሆኑ፣ የኦሮሞን ተረቶች፣ ምሳሌዎችና ዘፈኖች በብዛት ሰብስበዋል። ከሁለቱ ጥረት የተገኘው “ጀልቀበ በርሲሳ” የተባለው የንባብ መጽሐፍ በ1886 ዓ.ም. ገደማ በእምኩሉ ታተመ። በመጽሐፉ ውስጥ ከሃይማኖታዊ ንባቦች ጋር ሕዝቡ በቃሉ የሚያውቃቸው ተረቶችና ዘፈኖች ተካተውበታል። መጽሐፉ የተጻፈው በኢትዮጵያ ፊደል፣ ቋንቋው ደግሞ ኦሮምኛ ነበር።

ይህ ቀላል ነገር አይደለም። ከዚህ መጽሐፍ የተማረ ልጅ ቤቱ ገብቶ ምድጃ አጠገብ ሲያነብ፣ እናቱ ፊደል ባትቆጥርም የሚነበበው ይገባታል። ተረቱንም ከልጁ ቀድማ ታውቀዋለች፤ ቢሳሳት ልታርመው ትችላለች። በሌላ አነጋገር ትምህርት ቤቱ ሪፖርት ሳይጽፍ ሥራው በየቤቱ ይታይ ነበር። የኦነሲሞስ ሥራ ከተቃውሞ ነጻ አልነበረም፤ በአንዳንድ ካህናት ክስ ምክንያት ለዓመታት ተስተጓጉሏል። ይሁን እንጂ በነቀምቴ የተተከለው የትምህርት ዘር ሳይደርቅ ቆየ። ቆየት ብሎም ከ1911 ዓ.ም. ጀምሮ በደምቢ ዶሎ የአሜሪካ ፕሬስቢቴሪያን ሚሲዮን፣ ከ1920 ዓ.ም. ጀምሮ በአይራ የጀርመን ሄርማንስቡርግ ሚሲዮን ትምህርትና ሕክምናን አስፋፍተዋል።

ግብሩ የገበሬው፣ ካርዱ የመንግሥት

አገሪቱ በ1933 ዓ.ም. ከፋሺስት ወረራ ነጻ ከወጣች በኋላ የመንግሥት ትምህርት ቤቶች በየአውራጃው ዋና ከተማ እየተስፋፉ ሄዱ። ነቀምቴ፣ ጊምቢ፣ ደምቢ ዶሎ፣ ነጆ፣ መንዲ፣ አርጆና ሻምቡ የትምህርት ፈላጊ መናኸሪያ ሆኑ። ከሩቅ ገጠር የሚመጣ ልጅ በከተማ ቤት ተከራይቶ ወይም ዘመድ ቤት ተጠግቶ ይማር ነበር። ስንቁን በየሳምንቱ ከቤቱ ተሸክሞ ይመጣል፤ አባትም በገበያ ቀን አህያውን እየነዳ ሲመጣ ልጁን ያየዋል። ለብዙው ገጠሬ ወላጅ ስለ ትምህርት ወሬ የሚደርሰው በዚሁ በገበያ ቀን ነበር።

በዚህ ወቅት ሁለት ነገሮች ጎን ለጎን ተፈጸሙ። የመጀመሪያው በ1936 ዓ.ም. የወጣው የሚሲዮኖች ደንብ ሲሆን፣ አማርኛ አጠቃላይ የትምህርት ቋንቋ እንዲሆን አዘዘ። ሁለተኛው በ1940 ዓ.ም. በመሬት ላይ የተጣለው የትምህርት ግብር ነው። ገበሬው እንግዲህ ለትምህርት ከፋይ ሆነ። ሆኖም የሚከፍልበት ትምህርት ቤት ብዙ ጊዜ ከመንደሩ የአንድና የሁለት ቀን መንገድ ይርቅ ነበር፤ ልጁን ሳያስተምር ግብሩን የሚከፍለው ይበዛል። ልጁ የሚማርለት ዕድለኛም ቢሆን ከትምህርት ቤቱ የሚላክለትን ወረቀት ማንበብ አይችልም።

ያ ወረቀት ካርድ ይባላል። ካርዱ ላይ የትምህርቱ ዓይነት፣ ከመቶ የተገኘው ውጤት፣ ድምርና አማካይ፣ ከክፍሉ ተማሪ መካከል የወጣው ደረጃ፣ ጠባይና የቀረበት ቀን ይሞላል። ከግርጌው የክፍል ኃላፊው መምህርና የዳይሬክተሩ ፊርማ ይሰፍራል። ከዚያ ቀጥሎ “የወላጅ ፊርማ” የሚል ባዶ መስመር አለ። በብዙ ቤት ያ መስመር የሚሞላው በአውራ ጣት አሻራ፣ አለያም በልጁ በራሱ እጅ ነበር።

እዚህ ላይ ዋናው ችግር ይታያል። ካርዱ የተጻፈው በአማርኛ፣ በከፍተኛ ክፍሎችም በእንግሊዝኛ ነው። የቤቱ ቋንቋ ደግሞ ኦሮምኛ ነው። ስለዚህ ካርዱን ለአባቱ የሚያነብለትና የሚተረጉምለት ተማሪው ራሱ ይሆናል ማለት ነው። ተከሳሽ አስተርጓሚ ሆኖ የቀረበበት ችሎት ምን ዓይነት ፍርድ እንደሚሰጥ መገመት አያዳግትም። ጎበዙ ልጅ ይኮራበታል፤ የወደቀው ደግሞ “አልፌአለሁ” ብሎ ይገላገላል። አባትየው እውነቱን የሚሰማው በሚቀጥለው መስከረም፣ ልጁ እዚያው ክፍል ሲመለስ ነው።

“ወላጅህን ይዘህ ና”

በመምህርና በወላጅ መካከል በብዛት የሚመላለሰው ሌላው መልእክት በቃል የሚነገር ነበር። እርሱም “ወላጅህን ይዘህ ና” የሚለው ነው። ይህ ቃል የሚነገረው ተማሪ ሲደባደብ፣ መስኮት ሲሰብር፣ ሲያረፍድና ሲቀር ነው። ልጁ ጥሩ ሲያነብ ወላጁ አይጠራም። ስለዚህ የትምህርት ቤት ጥሪ በወላጅ ልብ ውስጥ የክስ መጥሪያ ሆኖ ተቀረጸ። ጋቢውን አጣፍቶ የሚመጣው አባት ገና በሩ ላይ ባርኔጣውን አውልቆ፣ ምን ጥፋት እንደደረሰ ሳያውቅ ይቅርታ ይጠይቃል። መምህሩ ከፍርድ ቤት ዳኛ በማያንስ ግርማ ይናገራል፤ አባት ይሰማል፤ ልጁ ይገረፋል፤ ጉዳዩ ይዘጋል።

ልጆችም ለዚህ ዘዴ አላጡም። ከገጠር የመጣው ተማሪ አባቱን ለመጥራት ቀናት ስለሚፈጅበት፣ አከራዩን፣ አጎቱን ወይም በገበያ ያገኘውን ሰው “አባቴ ነው” ብሎ ይዞ ይቀርብ ነበር። በየከተማው የተማረ ሁሉ የዚህን ዓይነት ጨዋታ ያውቃል። ነገሩ ቢያስቅም ቁም ነገሩ ከባድ ነው። መምህሩ የልጁን ወላጅ በመልክ አያውቀውም ማለት ነው፤ ወላጁም ስለ ልጁ የተነገረውን ሳይሰማ ይቀራል።

በዓመቱ መጨረሻ ሰኔ ላይ “የወላጆች ቀን” ይከበራል። ግቢው ይጸዳል፤ መዝሙር፣ ስፖርትና ድራማ ይቀርባል፤ ከአንደኛ እስከ ሦስተኛ የወጡ ተማሪዎች ደብተርና እስክሪብቶ ይሸለማሉ። የተሸላሚው እናት እልል ትላለች። በዓሉ በእርግጥም ትምህርት ቤቱን ከኅብረተሰቡ ጋር ያስተዋወቀ መልካም ልማድ ነው። ነገር ግን ከአራተኛ እስከ ስድሳኛ የወጣው ልጅ ወላጅ ስለ ልጁ ምንም ሳይሰማ ወደ ቤቱ ይመለሳል። የስምንተኛ ክፍል ሚኒስትሪ ፈተና ውጤት ሲመጣም ስም ዝርዝሩ ግድግዳ ላይ ይለጠፋል፤ ወላጅ የስምንት ዓመት ድካሙን ውጤት የሚያውቀው ከአንዲት መስመር ነው።

ከዚህ የተለየ አሠራር የታየው በመንደር የማንበቢያ ትምህርት ቤቶች ነው። የኢትዮጵያ ወንጌላዊት ቤተ ክርስቲያን መካነ ኢየሱስ በ1950ዎቹ አጋማሽ የጀመረችው የየምሥራች ድምፅ የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ በወለጋ ገጠሮች ሰፊ ተቀባይነት አግኝቶ ነበር። ቤቱን የሚሠራው መንደሩ፣ ሣሩን የሚከድነውም መንደሩ በመሆኑ ወላጅ በትምህርት ቤቱ ላይ ባለቤትነት ይሰማዋል። ገበሬ በደቦ የሠራውን ቤት ጉዳይ ሳይጠይቅ አያልፍም።

ያልተነገረው ወላጅ፦ የ1966 ዓ.ም. ትምህርት

ለወላጅ ሳይነገር የሚወሰን ነገር ምን እንደሚያስከትል አገሪቱ በሙሉ የተማረችው በ1966 ዓ.ም. ነው። መንግሥት በ1964 ዓ.ም. “ሴክተር ሪቪው” በመባል የሚታወቀውን የትምህርት ጥናት አስጠንቶ ነበር። ጥናቱ በራሱ መልካም አሳቦች ነበሩት። ትምህርት በከተማ ብቻ መወሰኑን፣ የገጠሩ ልጅ መገለሉንና ተመርቆ ሥራ የሚያጣው ወጣት መብዛቱን በግልጽ አሳይቷል። መፍትሔ ብሎ ያቀረበው በዝቅተኛ ወጪ ለብዙኃኑ ሕፃናት የአራት ዓመት መነሻ ትምህርት ማዳረስን ነው።

ይሁን እንጂ ጥናቱ ለረጅም ጊዜ ከሕዝብ ተደብቆ ቆየ። ወላጅም ሆነ መምህር ሳይመክርበት ወሬው በከፊል ሲወጣ፣ በየከተማው የተናፈሰው “የድሃ ልጅ ከአራተኛ ክፍል በላይ ሊማር አይደለም” የሚል ነበር። የካቲት 11 ቀን 1966 ዓ.ም. የአገሪቱ መምህራን የሥራ ማቆም አድማ ሲጀምሩ ከደመወዝ ጥያቄያቸው ጋር ሴክተር ሪቪው እንዲቀር ጠየቁ፤ ወላጆችና ተማሪዎችም ደገፏቸው። መንግሥት ዕቅዱን ለማገድ ተገደደ። ከዚያ ወዲህ የተከተለው የአብዮቱ ታሪክ በሰፊው የታወቀ ነው።

እዚህ ላይ ሊጤን የሚገባው፣ ወላጆቹ የተቃወሙት ያነበቡትን ሰነድ ሳይሆን የሰሙትን ወሬ መሆኑ ነው። ሰነዱን እንዲያነቡ ወይም እንዲነበብላቸው ዕድል አልተሰጣቸውም። መረጃ በሌለበት ቦታ ወሬ ይነግሣል። ይህ በትምህርት ሚኒስቴር ደረጃ እውነት እንደሆነ ሁሉ በአንዲት የአንደኛ ክፍል ውስጥም እውነት ነው።

አባትና ልጅ በአንድ ክፍል

በየካቲት 1967 ዓ.ም. የገጠር መሬት አዋጅ ከታወጀ በኋላ የገበሬ ማኅበራት በየቦታው ተቋቋሙ። ደርግ ባወጣቸው አዋጆች መሠረትም ሕዝቡ የሚወከልባቸው የትምህርት ቤት አስተዳደር ኮሚቴዎች ተመሠረቱ። በአሠራር ብዙ ጊዜ ኮሚቴዎቹ መዋጮ ከማሰባሰብና ግንባታ ከማሠራት ያለፈ ሥራ አልነበራቸውም፤ ከላይ የሚመጣውን መመሪያ ማስፈጸምም ይበረታባቸው ነበር። ቢሆንም ገበሬ በትምህርት ቤት ስብሰባ ላይ ወንበር ይዞ የተቀመጠበት ጊዜ በመሆኑ የሚናቅ አይደለም።

ከሁሉ የላቀው ለውጥ የመጣው ሐምሌ 1 ቀን 1971 ዓ.ም. በተጀመረው ብሔራዊ የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ነው። ዘመቻው ኦሮምኛን ጨምሮ በ15 ቋንቋዎች፣ በኢትዮጵያ ፊደል ተካሂዷል። ቀን ልጆች የሚማሩበት ክፍል ማታ የወላጆች ሆነ። አባት ልጁ በሚቀመጥበት አግዳሚ ላይ ተቀምጦ ፊደል ቆጠረ። ብዙ ወላጆች አውራ ጣታቸውን በቀለም ከመንከር ወጥተው ስማቸውን የጻፉት በዚያ ጊዜ ነው። የወላጅ ፊርማ የምትለዋ መስመር ለመጀመሪያ ጊዜ በትክክለኛ ባለቤቷ ተሞላች። ከዚህም በላይ ወላጅ ክፍሉን በዓይኑ አየው። ጥቁር ሰሌዳው የተሰነጠቀ መሆኑን፣ አግዳሚው የጎደለ መሆኑን፣ ጣሪያው የሚያፈስ መሆኑን ሌላ ሰው ሳይነግረው አወቀ።

ቁቤ፣ አዲሱ ፖሊሲና አዲሱ ግራ መጋባት

በጥቅምት 1984 ዓ.ም. ኦሮምኛ በላቲን ፊደል፣ በቁቤ እንዲጻፍ ተወሰነ። ብዙም ሳይቆይ በወለጋ አንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች ልጆች በአፍ መፍቻ ቋንቋቸው መማር ጀመሩ። በሚያዝያ 1986 ዓ.ም. የወጣው የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲም ይህን አጸና። ከአስቴር ጋኖ መጽሐፍ በኋላ መቶ ዓመት ገደማ ቆይቶ፣ ልጅ ቤቱ ገብቶ የሚያነበው ለእናቱ ጆሮ እንደገና ቅርብ ሆነ። ካርዱም በቤቱ ቋንቋ ተጻፈ።

ይሁንና አንድ ያልታሰበ ችግር ተከተለ። በመሠረተ ትምህርት ዘመቻ በኢትዮጵያ ፊደል ማንበብ የተማሩ ወላጆች አዲሱን ፊደል አያውቁትም። ልጁ ድምፁን ከፍ አድርጎ ሲያነብ ይገባቸዋል፤ ደብተሩን ሲያዩት ግን እንግዳ ይሆንባቸዋል። በሌላ በኩል ፊደል የቆጠሩት ወላጆች “ልጄን ላስጠና” ሲሉ ልጁ ራሱ አስተማሪ የሚሆንበት ሁኔታ ተፈጠረ። ብዙ ቤቶች ይህን በፈገግታ አልፈውታል፤ አንዳንዶች ግን ከልጃቸው ትምህርት የራቁ መስሎ ተሰምቷቸዋል።

ሁለተኛው ግራ መጋባት ከአመዛዘኑ ጋር የመጣ ነው። በፖሊሲው መሠረት በመጀመሪያው እርከን ክፍሎች አንድ መምህር ሁሉንም ትምህርት ያስተምር ነበር፤ ተማሪውም በተከታታይ ምዘና ይለካ ነበር፤ ከ1ኛ እስከ 3ኛ ክፍል ያለው ልጅ ሳይወድቅ ይዘዋወር ነበር። የአሠራሩ ዓላማ ሕፃኑን ከማስደንገጥ ይልቅ ድክመቱን በየዕለቱ እየተከታተሉ ማረም ነው። ለወላጅ ግን ይህ በወጉ አልተብራራለትም። ወላጅ የሚያውቀው “ስንተኛ ወጣህ?” ብሎ መጠየቅ ነው። “ሁሉም ካለፈ ምኑ ትምህርት ሆነ?” የሚል ቅሬታ በየመንደሩ ተሰማ። ክትትሉ በሌለበት ደግሞ ቅሬታው መሠረት ነበረው፤ ማንበብ ሳይችል አራተኛ ክፍል የደረሰ ልጅ ወላጁም መምህሩም ያልተከታተለው ልጅ ነው።

ወላጅ ተሰብሳቢ ሲሆን

በ1994 ዓ.ም. ትምህርት ሚኒስቴር የትምህርት አደረጃጀትን፣ የኅብረተሰብ ተሳትፎንና ፋይናንስን የሚመለከት መመሪያ አወጣ። በዚህም መሠረት የቀበሌ ትምህርትና ሥልጠና ቦርድ እና የወላጅ መምህር ኅብረት (ወመህ) በየትምህርት ቤቱ ተደራጁ። ቆይቶም ተማሪዎች ተጨምረውበት የወላጅ፣ መምህርና ተማሪ ኅብረት (ወመተህ) ተባለ። የኅብረቱ ወላጅ አባላት በወላጆች ይመረጣሉ። መጠነ ማቋረጥን መከታተል፣ የትምህርት ቤቱን ዕቅድና ወጪ ማየት፣ የመምህራንን አፈጻጸም በተመለከተ አስተያየት መስጠት ከተግባሮቹ መካከል ናቸው።

በ1999 ዓ.ም. የተጀመረው የትምህርት ቤት ማሻሻያ ፕሮግራም የኅብረተሰብ ተሳትፎን ከአራቱ ዐበይት ርእሶች አንዱ አደረገው። ከ2001 ዓ.ም. ወዲህም በትምህርት ጥራት ማሻሻያ ፓኬጅ አማካይነት ለትምህርት ቤቶች በተማሪ ቁጥር ልክ የድጎማ ገንዘብ መላክ ተጀመረ። ገንዘቡ በምን ላይ እንደሚውል የሚወሰነው ወላጆች ባሉበት፣ ወጪውም በሰሌዳ ላይ ተለጥፎ እንዲታይ ነው። በከተማ ያሉ የግል ትምህርት ቤቶች ደግሞ የመገናኛ ደብተር አስለመዱ፤ መምህሩ የዕለቱን የቤት ሥራና አስተያየት ይጽፋል፤ ወላጅ አይቶ ይፈርማል።

በአፈጻጸም በኩል ግን ጉድለቱ ብዙ ነው። ስብሰባው አብዛኛውን ጊዜ የሚጠራው መዋጮ ሲፈለግ ነው። ወላጅ ለአጥር፣ ለጥበቃ ደመወዝ፣ ለተጨማሪ ክፍል አዋጣ ይባላል፤ ስለ ልጁ ንባብ የሚነግረው ግን የለም። በዚህ ምክንያት “ስብሰባ” ሲባል ኪሱን የሚዳብስ ወላጅ ተፈጠረ። እናቶች በስብሰባው ቢገኙም ለመናገር የሚደፍሩት ጥቂቶች ናቸው፤ የልጁን ደብተር፣ ሕመምና ረሃብ ከማንም በላይ የሚያውቁት ግን እነርሱ ናቸው።

መረጃው ከቤት ወደ ክፍልም መሄድ ይኖርበታል። መስከረምና ጥቅምት በቆሎው ሲያሽት ልጅ ዝንጀሮና ከርከሮ ይጠብቃል። ኅዳርና ታኅሣሥ ቡና ሲለቀም ቤተሰቡ በሙሉ ይወጣል። ይህን አስቀድሞ የተነገረው መምህር ያለፈውን ትምህርት ማካካስ ይችላል፤ ያልተነገረው መምህር ግን ልጁን “ሰነፍ” ብሎ ይመዘግበዋል። ከሳምንት መቅረት በኋላ ያፈረ ልጅ ደግሞ ሳይመለስ ይቀራል። ብዙ ማቋረጥ የሚጀምረው እንዲህ ባለ ትንሽ አለመነጋገር ነው።

ሁለቱ ጉባኤዎች

የኅብረት ሥራ ማኅበራት ታሪክ ለትምህርት ቤቶች የሚያስተምረው ነገር አለ። በ1991 ዓ.ም. የወጣው የኅብረት ሥራ ማኅበራት አዋጅ ቁጥር 147 ጠቅላላ ጉባኤውን የማኅበሩ የመጨረሻ ሥልጣን ባለቤት አደረገው። በ2009 ዓ.ም. የተተካው አዋጅ ቁጥር 985ም ይህንኑ አጽንቷል። ማኅበራት በቀደመው ሥርዓት ከገበሬው ፈቃድ ውጭ ይመሩ ስለነበር አመኔታ አጥተው ነበር። አመኔታው የተመለሰው ሂሳብ በግልጽ ሲነበብ፣ የቁጥጥር ኮሚቴ ሲጠይቅና አባል ሲሰማ ነው።

ዓለም አቀፉ የኅብረት ሥራ ጥምረት በ1988 ዓ.ም. ካጸደቃቸው ሰባት መርሆዎች አምስተኛው ትምህርት፣ ሥልጠናና መረጃ፣ ሰባተኛው ደግሞ ለአካባቢው ኅብረተሰብ ማሰብ ነው። በዚህ መንፈስ ዩኒየኖች ከትርፋቸው ለትምህርት ቤት ግንባታ ሲያውሉ ቆይተዋል። በ1991 ዓ.ም. በ34 መሠረታዊ ማኅበራት የተመሠረተውና ከወለጋም አባላት ያሉት የኦሮሚያ ቡና ገበሬዎች ኅብረት ሥራ ዩኒየን ከፍትሐዊ ንግድ ከሚያገኘው ተጨማሪ ክፍያ ትምህርት ቤት፣ ጤና ኬላና የንጹሕ ውሃ ተቋማት መሥራቱ ይታወቃል።

ቆርቆሮና ሲሚንቶ ግን የሥራው ግማሽ ነው። በገበሬው ገንዘብ በተሠራው ክፍል ውስጥ ምን እንደሚካሄድ ገበሬው ካላወቀ፣ መጋዘን ሠርቶ ቁልፉን እንደማያውቅ አባል ይሆናል። በጉባኤ ላይ የኦዲት ሪፖርት መጠየቅ የለመደ አባል በወላጆች ስብሰባም “የሁለተኛ ክፍል ልጆች ስንቶቹ ማንበብ ቻሉ?” ብሎ መጠየቅ አያቅተውም። መምህሩም በጥያቄው ሊከፋ አይገባም፤ የማኅበር ሂሳብ ሹም ሲጠየቅ እንደማይከፋ ሁሉ።

የቅርቡ ዘመን ፈተና

ያለፉት ዓመታት ለወለጋ ተማሪዎችና ወላጆች ከባድ ነበሩ። በ2012 ዓ.ም. በወለጋ ዞኖች የስልክና የኢንተርኔት አገልግሎት ለወራት ተቋረጠ። በዚያው ዓመት መጋቢት ወር በኮሮና ወረርሽኝ ምክንያት በመላ አገሪቱ ትምህርት ቤቶች ተዘጉ። ከ2011 ዓ.ም. ወዲህ በአካባቢው በቀጠለው ግጭት ሳቢያም ብዙ ትምህርት ቤቶች ተዘግተዋል፤ የተጎዱና የፈረሱም አሉ። ቤተሰቦች ተፈናቅለዋል። በርካታ ልጆች ከአንድ ዓመት በላይ ከክፍል ውጭ ቆይተዋል።

እንዲህ ባለ ጊዜ የወላጅና የመምህር መተዋወቅ ምን ያህል ዋጋ እንዳለው ይታያል። ትምህርት ቤት ሲዘጋ መዝገብ ይጠፋል፤ ካርድ ይቃጠላል። የልጁን ቤት የሚያውቅ መምህር ካለ ግን ልጁ የት ክፍል እንደደረሰ የሚመሰክር ሰው አለ ማለት ነው። ትምህርት ቤት ሲከፈትም ልጁን ፈልጎ የሚጠራው ያ መምህር ነው። በስልክ አጭር መልእክትና በቴሌግራም የሚላከው መረጃ ጠቃሚ ነው፤ አውታሩ ሲቋረጥ ግን የሚቀረው በአካል የተገነባው ትውውቅ ነው።

አዲሱ ሥርዓተ ትምህርት አንደኛ ደረጃን ከ1ኛ እስከ 6ኛ ክፍል አድርጎታል፤ በ6ኛ ክፍል መጨረሻም ክልላዊ ፈተና አለ። ይህም ለወላጅ መብራራት ያለበት ነው። እንደ ሴክተር ሪቪው በወሬ እንዲሰማው ሊተው አይገባም።

ማጠቃለያ

ከመቶ ዓመት በላይ ያለው የወለጋ ትምህርት ታሪክ የሚያስተምረው በአጭሩ ይህ ነው። ትምህርቱ በቤቱ ቋንቋ ሲሆን ወላጅ ይሰማል። ወላጅ ራሱ ሲማር ካርዱን ያነባል። ለገንዘብና ለጥፋት ብቻ ሲጠራ ይሸሻል፤ ለልጁ መሻሻል ሲጠራ ይመጣል። ሳይነገረው የተወሰነበትን አይቀበልም።

መፍትሔው ብዙ ገንዘብ የሚጠይቅ አይደለም። መምህር በመስከረም የየልጁን ወላጅ በስም ቢያውቅ፣ በየወሩ አንድ ጊዜ ወላጅ ክፍሉን ገብቶ ቢያይ፣ ማታ ማታ ልጁ አንድ ገጽ ለቤተሰቡ ጮክ ብሎ ቢያነብ፣ “ወላጅህን ይዘህ ና” የሚለውም ቃል ለጎበዙ ልጅ ጭምር ቢነገር ብዙ ነገር ይለወጣል። መሠረታዊ ኅብረት ሥራ ማኅበራትም በጉባኤያቸው አጀንዳ ውስጥ ስለ ትምህርት ቤቱ የሚነገርበት ጥቂት ደቂቃ ቢመድቡ፣ አባሉ ስለ ቡናው የሚጠይቀውን ያህል ስለ ልጁም ይጠይቃል። “ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ” የሚባለው ለኩንታልና ለመጋዘን ብቻ አይደለም። ሃምሳ ልጆች የተቀመጡበት ክፍል ለአንድ መምህር ሸክም ነው፤ ወላጆቹ ከጎኑ ሲቆሙ ግን ሸክሙ ይቀላል።